የተማሪ ዕጣ በቀመር ሲወሰን፦ በትምህርት መረጃ አጠቃቀም የባለጉዳዩን ድምፅ ስለ መስማት

መግቢያ

በትምህርት ሥራ ውስጥ ቁጥር እንግዳ ነገር አይደለም። መምህሩ በየሴሚስተሩ ሮስተር ይሞላል፤ ርእሰ መምህሩ በየዓመቱ የትምህርት ቤቱን መጠይቅ ሞልቶ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያቀርባል፤ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል፣ ክልሉም ለሚኒስቴሩ ያስተላልፋል። ከዚህ ረጅም ጉዞ በኋላ ተደምሮና ተጠናቅሮ የሚወጣው ዓመታዊ የትምህርት ስታቲስቲክስ ለዕቅድ አውጪው ዋና መመሪያ ይሆናል። ስንት መማሪያ ክፍል ይሠራ? ስንት መምህር ይቀጠር? ስንት መጽሐፍ ይታተም? ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው ከዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ የቁጥሩ ተግባር ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተለወጠ መጥቷል። ቀድሞ የብዙኃኑን ሁኔታ ለማወቅ ብቻ ይሰበሰብ የነበረው መረጃ፣ በኮምፒዩተር እየተቀመረ ስለ አንዱ ተማሪ ፍርድ ወደ መስጠት ተሸጋግሯል። ማን ትምህርቱን ሊያቋርጥ እንደሚችል፣ ማን ልዩ ድጋፍ እንደሚያሻው፣ ማን ለከፍተኛ ትምህርት ብቁ እንደሆነ የሚተነብዩ የስሌት ሥርዓቶች በልዩ ልዩ አገሮች ሥራ ላይ ውለዋል። የመረጃ ሳይንስ የሚባለው የዕውቀት ዘርፍ በትምህርት አስተዳደር ውስጥ ቦታ የያዘውም በዚህ መንገድ ነው። ቁጥር በሚቆጥርበት ጊዜ የሚደርሰው ስሕተት በድምር ውስጥ ሊታረም ይችላል፤ ቁጥር በሚፈርድበት ጊዜ የሚደርሰው ስሕተት ግን በአንድ ልጅ ሕይወት ላይ ያርፋል።

ከዚህም የተነሣ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም፣ ስለ ተማሪው የሚወስነው ቀመር በሚዘጋጅበት ጊዜ ተማሪው፣ ወላጁና መምህሩ ምን ያህል ተጠይቀዋል? የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ አገር በደረሰው ጉልህ ምሳሌ ላይ መርምሮ፣ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚሆነውን ትምህርት ማውጣት ነው።

የእንግሊዝ ቀመር አሠራር

እ.ኤ.አ. በማርች 2020 የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ በተስፋፋ ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ የዓመቱን ብሔራዊ ፈተናዎች ሰረዘ። ከተሰረዙት መካከል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠቃለያና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሆነው ኤ ሌቭል የተባለው ፈተና ይገኝበታል። ተማሪዎቹ ሳይፈተኑ ውጤት ሊሰጣቸው ስለተወሰነ፣ ፈተናዎችን የሚቆጣጠረው ኦፍኳል የተሰኘው መንግሥታዊ ተቋም ከየትምህርት ቤቱ ሁለት ነገሮችን ጠየቀ። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ተማሪ ተፈትኖ ቢሆን ኖሮ ያገኝ ነበር ብለው መምህራኑ የሚገምቱት ውጤት ነው። ሁለተኛው፣ ተማሪዎቹ በየትምህርቱ ዓይነት ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ የተሰለፉበት ዝርዝር ነው።

ተቋሙ የመምህራኑን ግምት እንዳለ ለመቀበል አልደፈረም። ለዚህም በቂ ምክንያት ነበረው። መምህር ስለ ተማሪው በጎውን ማሰቡ የተፈጥሮ ነገር እንደመሆኑ መጠን፣ ግምቶቹ ሲጠቃለሉ ከወትሮው እጅግ ከፍ ብለው ተገኙ። በ2019 ሁለቱን ከፍተኛ የፊደል ውጤቶች ያገኙት ከመቶ 25 ያህሉ ሲሆኑ፣ በመምህራኑ ግምት መሠረት ግን ወደ 38 ሊደርሱ ነበር። ይህ ቢፈቀድ ቀደም ባሉት ዓመታት ተፈትነው የወጡት ተማሪዎች ይበደላሉ፤ የውጤቱም ዋጋ ይወርዳል የሚል ሥጋት ተቋሙን ወደ ቀመር መራው።

ቀመሩ በአጭሩ ሲገለጽ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ፣ ትምህርት ቤቱ በአንድ የትምህርት ዓይነት ከ2017 እስከ 2019 በነበሩት ዓመታት ያስመዘገበው የውጤት ሥርጭት ይወሰዳል። ቀጥሎ፣ የ2020ዎቹ ተማሪዎች በታችኛው እርከን ፈተና ያገኙት ውጤት ከቀዳሚዎቻቸው ጋር ተነጻጽሮ ሥርጭቱ በመጠኑ ይስተካከላል። በመጨረሻም ተማሪዎቹ መምህራኖቻቸው ባሰለፏቸው ቅደም ተከተል በዚያ ሥርጭት ውስጥ ይደለደላሉ። አንድን ትምህርት የሚወስዱት ተማሪዎች ከ15 በላይ በሆኑበት ትምህርት ቤት የመምህሩ ግምት በስሌቱ ውስጥ አልገባም። አምስትና ከዚያ በታች በሆኑበት ግን የመምህሩ ግምት ጸደቀ፤ በመካከል ላሉት ሁለቱ እየተመዛዘኑ ተወሰዱ።

የተገኘው ውጤትና ያስከተለው ተቃውሞ

ውጤቱ ኦገስት 13 ቀን 2020 ይፋ ሆነ። ከመምህራኑ ግምቶች መካከል ከመቶ 39 ያህሉ በቀመሩ ዝቅ ተደርገው ተገኙ። አብዛኞቹ የወረዱት በአንድ ደረጃ ቢሆንም፣ ሁለት ደረጃና ከዚያ በላይ የወረዱም ነበሩ። በአንድ ደረጃ መውረድ በወረቀት ላይ ሲታይ ጥቂት ይመስላል፤ የዩኒቨርሲቲ ቦታው በተወሰነ ውጤት ላይ ለተንጠለጠለ ተማሪ ግን የሕክምና ትምህርት በማግኘትና በማጣት መካከል ያለው ልዩነት ያው አንድ ደረጃ ነው።

ጉዳቱ በሁሉም ላይ በእኩልነት አልወደቀም። ከፍተኛ ክፍያ በሚጠይቁት የግል ትምህርት ቤቶች የሁለቱ ከፍተኛ ውጤቶች ድርሻ ከ2019 ጋር ሲነጻጸር በ4.7 የመቶኛ ነጥብ ከፍ ሲል፣ በመንግሥት አጠቃላይ ትምህርት ቤቶች የጨመረው በ2 ነጥብ ብቻ ነበር። ብዙ ተማሪ የሚይዙት ኮሌጆች ደግሞ ከቀድሞው ብዙም ፈቀቅ አላሉም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አምስትና ስድስት ተማሪ ብቻ ያለበት ክፍል የሚበዛው በግል ትምህርት ቤቶች በመሆኑ፣ የመምህሩ ለጋስ ግምት የጸደቀው በእነዚያው ዘንድ ነበር። ሃምሳና ስድሳ ተማሪ የሚያስተምረው ኮሌጅ ግን በታሪኩ ታሰረ።

በስኮትላንድም ተመሳሳይ ነገር ከዚያ ቀደም ብሎ ደርሷል። ኦገስት 4 ቀን በወጣው ውጤት 124,564 ግምቶች ዝቅ ተደርገው ነበር። ሃየር በተባለው ፈተና፣ እጅግ ድኻ በሆኑት አካባቢዎች የሚኖሩት ተማሪዎች የማለፍ መጠን ከመምህራኑ ግምት በ15.2 የመቶኛ ነጥብ ሲቀነስ፣ ከሁሉ በተሻሉት አካባቢዎች የተቀነሰው 6.9 ብቻ ሆነ። የስኮትላንድ መንግሥት ከሳምንት በኋላ ውሳኔውን ሻረ። በእንግሊዝም ተማሪዎች በለንደን አደባባይ ወጥተው ከጮኹ በኋላ፣ ኦገስት 17 ቀን ቀመሩ ቀርቶ የመምህራኑ ግምት እንዲጸድቅ ተወሰነ። የኦፍኳል ዋና ኃላፊም በዚያው ወር ከሥራቸው ተሰናበቱ።

ስሕተቱ የቱ ላይ ነበር?

የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በዚያው ወር መጨረሻ ለተማሪዎች ባደረጉት ንግግር ጥፋቱን በቀመሩ ላይ ጣሉ። ይህ አስተያየት ከእውነት የራቀ ነው። ቀመሩ የተሰጠውን ትእዛዝ በትክክል ፈጽሟል። የታዘዘውም የአገሪቱ አጠቃላይ ውጤት ከቀድሞው እንዳይርቅ ነበርና ያንን አድርጓል። ስሕተቱ ያለው በትእዛዙ ላይ ነው፤ ትእዛዙም የሰዎች ምርጫ ነው።

ኦፍኳል ፍትሕን የተረጎመው በአገር ደረጃ ነው፤ የዘንድሮው ድምር ከአምናው ድምር ጋር ከተመጣጠነ ፍትሕ ሆነ ማለት ነው። ለተማሪው ግን ፍትሕ ማለት የገዛ ሥራው መመዘኑ ነው። በሚማርበት ትምህርት ቤት ባለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ውጤት ያገኘ ከሌለ፣ የዘንድሮው ጎበዝ ምንም ያህል ቢደክም ቀመሩ ሊያየው ይቸግረዋል። በሌላ አነጋገር ተማሪው የተመዘነው እርሱ በሠራው ሳይሆን ከእርሱ በፊት በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት በሠሩት ነው። ተቋሙ ራሱ ቀመሩን በ2019 ውጤት ላይ በሞከረው ጊዜ፣ ከሦስት ተማሪዎች አንዱን ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጡትን በትክክለኛው ደረጃቸው ላይ ማስቀመጥ አልቻለም። ብዙኃኑን በአማካይ የሚገልጽ ስሌት አንዱን ለይቶ ለመፍረድ አይበቃም፤ ይህ በስታቲስቲክስ ትምህርት የመጀመሪያ ገጾች ላይ የሚገኝ ቁም ነገር ነው።

ሕዝቡ አልተጠየቀም እንዳይባል፣ ኦፍኳል ከኤፕሪል 15 እስከ 29 ቀን 2020 የሕዝብ አስተያየት ሰብስቧል። ከ12,000 በላይ መልሶችም ደርሰውታል። ታዲያ ይህን ያህል ሰው ተጠይቆ እንዴት ከውድቀት አልዳነም? የዚህ ትችት ዋና ፍሬ ነገር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

ሰዎቹ የተጠየቁት ስለ ዓላማና ስለ መርሕ ነው። «ውጤቱ ከቀድሞ ዓመታት ጋር የተመጣጠነ ይሁን ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ ብዙው ሰው «ይሁን» ማለቱ የሚጠበቅ ነው። «ልጅዎ ጎበዝ ቢሆንም ትምህርት ቤቱ ቀድሞ ጎበዝ ስላላወጣ ውጤቱ ይቀነስ ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልሱ ሌላ ይሆን ነበር። ሁለቱ ጥያቄዎች ስለ አንድ ነገር የቀረቡ ናቸው፤ የመጀመሪያው መርሑን ሲያሳይ ሁለተኛው መዘዙን ያሳያል። ሕዝቡ መርሑን ዐይቶ እሺ አለ፤ መዘዙን ያየው ውጤቱ በእጁ ከገባ በኋላ ነው።

የባለሙያዎቹም ተሳትፎ እንደዚሁ ተሰናክሏል። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የስታቲስቲክስ ማኅበር ሁለት አባላቱ በቴክኒክ አማካሪ ቡድኑ ውስጥ እንዲያግዙ አቅርቦ ነበር። ነገር ግን ለዓመታት ያዩትን እንዳይናገሩ የሚያስገድድ ውል እንዲፈርሙ ስለተጠየቁ ሳይስማሙ ቀሩ። የፓርላማው የትምህርት ኮሚቴም በጁላይ ወር ቀመሩ ከውጤቱ አስቀድሞ ለምርመራ ይፋ እንዲሆን አሳስቧል። ከ300 ገጽ በላይ የሆነው የቴክኒክ ዘገባ የወጣው ግን ውጤቱ በተሰጠበት ዕለት ነው። ተማሪው በቀጥታ አቤት የሚልበት በር አልነበረውም፤ አቤቱታው በትምህርት ቤቱ በኩልና በተወሰኑ ምክንያቶች ብቻ እንዲቀርብ ተደርጎ ነበር። በመምህሩ ደረጃ አሰጣጥ ላይም ክርክር አይፈቀድም ነበር።

በአንጻሩ ለተቋሙ የሚሰጥ መከላከያ አለ። ጊዜው አጭር ነበር፤ ወረርሽኙ በሩ ላይ ነበር፤ የመምህራኑም ግምት ከነጉድለቱ ነው። ቀመሩ ከተሻረ በኋላ የከፍተኛ ውጤት ባለቤቶች ቁጥር እጅግ ስለጨመረ ዩኒቨርሲቲዎች በቦታ እጦት መጨነቃቸው የዚህ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ «ቀመር መጥፎ፣ የመምህር ግምት መልካም» የሚል አይደለም። ትምህርቱ፣ ማንኛውም መንገድ የሚጎዳው ሰው ይኖራልና ያ ሰው ጉዳቱን አስቀድሞ ዐይቶ የመናገር ዕድል ሊያገኝ ይገባል የሚል ነው። አንድ የኮሌጅ መምህር ቀመሩ በራሱ ክፍል ላይ ተሠርቶ ቢታይ፣ ትናንሽ ክፍሎች ያላቸው የሚያተርፉ መሆኑን ለመረዳት አንድ ከሰዓት በቂው ነበር። ጊዜ ቆጥቦ የተዘለለው ይህ ምርመራ ኋላ በአራት ቀን ውስጥ አገር አናወጠ።

መጠየቅና ባለቤት መሆን

ሰዎችን ማሳተፍ የሚለው ቃል ብዙ ትርጉም አለው። በአንድ ጫፍ መጠይቅ በትኖ መልስ መሰብሰብ አለ፤ በሌላው ጫፍ ደግሞ መረጃው የማን ነው? ብሎ ከሥሩ መነሣት አለ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንደሚባለው፣ በመረጃ ላይ የሚፈጸም በደል አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ባለቤቱን ካለመቁጠር ነው።

ይህን ጠንቅቀው ከተረዱት መካከል በብዙ ጥናት የተሰላቹ ሕዝቦች ይገኙበታል። በአሜሪካ በግራንድ ካንየን ሸለቆ የሚኖሩት የሃቫሱፓይ ሕዝቦች ከ1990 ጀምሮ የደም ናሙና የሰጡት የስኳር በሽታ በመካከላቸው ስለበዛ መፍትሔ ይገኛል ብለው ነበር። ናሙናው ኋላ ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ ዘር አመጣጣቸው ለሚደረግ ጥናት እንደዋለ ሲያውቁ ክስ መሠረቱ። ጉዳዩም በ2010 በካሣና ናሙናውን በመመለስ በስምምነት አለቀ። ነገሩ የጤና ቢሆንም ለትምህርት የሚተርፍ ቁም ነገር አለው፤ ለአንድ ዓላማ የተሰጠ መረጃ ለሌላ ዓላማ ሲውል የፈረሰው ውል ብቻ ሳይሆን እምነትም ነው።

በካናዳ የቀደምት ሕዝቦች ወገኖች በ1998 አራት መሠረተ ሐሳቦችን አወጡ። እነርሱም ስለ ሕዝቡ የሚሰበሰብ መረጃ ባለቤትነቱ የሕዝቡ መሆኑ፣ በአሰባሰቡና በአጠቃቀሙ ላይ ሕዝቡ መቆጣጠሩ፣ ሕዝቡ መረጃውን ማግኘት መቻሉ፣ መረጃውም በእጁ መገኘቱ ናቸው። በደቡብ አፍሪካ የሳን ሕዝቦች በ2017 ባወጡት የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ ተመራማሪዎች አክብሮትን፣ ሐቀኝነትን፣ ፍትሕን፣ ተቆርቋሪነትንና የተወሰነ ሥነ ሥርዓትን እንዲከተሉ ጠይቀዋል። ከአፍሪካ የወጣ እንደመሆኑ ይህ ደንብ በተለይ ሊጤን የሚገባው ነው። ያዘጋጁት የውጭ ምሁራን ሳይሆኑ የተጠኚው ሕዝብ ወኪሎች ናቸው። በለንደን የካምደን ክፍለ ከተማ አስተዳደርም ነዋሪዎችን ሰብስቦ በማወያየት የመረጃ አጠቃቀም ቻርተር አዘጋጅቶ በ2022 ሥራ ላይ አውሏል።

እነዚህ ምሳሌዎች ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። ሕዝቡ የተጠየቀው ሥራው ካለቀ በኋላ ለማጽደቅ ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት ለመወሰን ነው። «አይሆንም» የማለት ሥልጣን ከሌለው ተጠያቂ የሚገኘው መልስ ምክር ሊባል አይችልም።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ

በኢትዮጵያ በዚያው በወረርሽኙ ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና አልተሰረዘም፤ ተላልፎ በ2013 ዓ.ም. ተሰጠ። በዚህም ምክንያት ተማሪን በቀመር የመመዘን ጥያቄ አልተነሣም። ሆኖም የእንግሊዙ ቀመር በኢትዮጵያ ሥራ ላይ ቢውል ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ብሎ ማሰብ ያስተምራል። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። 1,328 ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ያለፈው ሥርጭት ለመጪው ተማሪ ፍርድ ቢሆን፣ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች በአንዱ የምትማር ጎበዝ ልጅ ገና ደብተሯን ሳትገልጥ ወድቃለች ማለት ነው። ላብራቶሪ የሌለው፣ የሒሳብ መምህር ያጣ ትምህርት ቤት ቅጣቱን የሚከፍለው በልጆቹ ይሆን ነበር።

ይህ በሐሳብ ብቻ የቀረበ ምሳሌ ነው። ለመምህሩ የቀረበው ግን ያቋረጡ ተማሪዎች የሚመዘገቡበት የዓመታዊው መጠይቅ ክፍል ነው። መምህሩ አንድ ልጅ ከክፍል መጥፋቱን ያውቃል። ቅጹ ግን ለእህል አጨዳ ቀርቶ በጥር የሚመለሰውን፣ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሌላ ወረዳ የሄደውን፣ የተዳረችውን፣ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የተሰደደችውን በአንድ ቁጥር ይጠቀልላቸዋል። ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ «ሊያቋርጡ የሚችሉ ተማሪዎችን» የሚተነብይ ቀመር ቢሠራ፣ ቀመሩ የሚማረው ከተደባለቀ ነገር ነው። ለአንዱ መፍትሔው የትምህርት ካላንደሩን ከአጨዳው ጋር ማስማማት ሲሆን ለሌላዋ የሕግ ጥበቃ ነው። ልዩነቱን የሚያውቁት ወላጆች፣ የመንደሩ ሽማግሌዎችና የክፍሉ ኃላፊ መምህር ናቸው። ስለዚህ እነርሱን መጠየቅ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩ እውነተኛ መሆኑን የማረጋገጫ መንገድም ነው። ሥነ ምግባርና ትክክለኛነት በዚህ ቦታ አንድ ይሆናሉ።

የቁጥሩን እውነተኛነት የሚፈታተን ሌላም ነገር አለ። ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ድጎማ በተማሪ ቁጥር ሲሰላ፣ ቁጥሩ ከፍ እንዲል መገፋፋቱ አይቀርም። ርእሰ መምህሩ የሚመዘነው በማቋረጥ መጠን ሲሆን ደግሞ፣ ያቋረጠውን አለመመዝገብ ያጓጓል። የተሞላው ቅጽ ተመልሶ በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ፊት ቢነበብ ግን እንዲህ ያለው ስሕተት ብዙ ዕድሜ አይኖረውም፤ የመንደሩን ልጆች ቁጥር መንደሩ ያውቀዋልና።

ሕዝብን ሳያማክሩ ማቀድ የሚያስከትለውን ነገር የኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በ1964 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ባለሙያዎች ሆነው ያጠናቀቁት ሴክተር ሪቪው የተባለው ጥናት፣ የትምህርት ዕድል ለብዙኃኑ የሚስፋፋበትን መንገድ ለመሻት በብዙ ቁጥርና ስሌት የተደገፈ ነበር። ይዘቱ ግን ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆየ። ወሬው በ1966 ዓ.ም. በተሰማ ጊዜ መምህራንና ወላጆች የድኻ ልጅ በጥቂት ዓመት ትምህርት እንዲወሰን የታቀደ ነው ብለው ተረዱት። በየካቲት ወር መምህራኑ ሥራ አቆሙ፤ ዕቅዱም ተነሣ። ሥራው መልካም ጎን አልነበረውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን መልካም ጎኑን ከመጥፎው ለይቶ የሚከራከርበት ዕድል ያላገኘ ሕዝብ ሁሉንም በአንድነት ጣለው። የእንግሊዙ የ2020 ታሪክ በብዙ መልኩ የዚህ ድጋሚ ነው።

ሕጉን በሚመለከት፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግለሰብ መረጃ ለታወቀና ለተወሰነ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ፣ ባለቤቱም ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ ለማየትና ለማሳረም እንዲችል ደንግጓል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ሕግ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። አንድ የገጠር ወላጅ የልጁ ስም በየትኛው መዝገብ እንደሰፈረ ካላወቀ፣ የማሳረም መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል። መብቱን ሕያው የሚያደርገው ትምህርት ቤቱ ነው።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅሙ ነጥቦች

ከላይ ከተመለከተው ትንተና የሚከተሉትን የሥራ መርሖች ማውጣት ይቻላል።

1ኛ. መዘዙን አስቀድሞ ማሳየት። አንድ አዲስ የመረጃ ሥርዓት ወይም ቀመር በሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት፣ በጥቂት ትምህርት ቤቶች ባለፈው ዓመት መረጃ ላይ ተሞክሮ ማን እንደተጠቀመና ማን እንደተጎዳ ለወላጆችና ለመምህራን በሚገባቸው ቋንቋ ይቅረብ። ወላጁ የስሌቱን ሒሳብ ማወቅ አይጠበቅበትም። «የእገሌ ልጅ በዚህ ምክንያት ወደቀች» የሚለውን ግን ማንም ይረዳል፤ ይፈርድበታልም።

2ኛ. ዓላማውን መግለጽና መጠበቅ። ለመጽሐፍ ሥርጭት የተሰበሰበ ስም ዝርዝር ለሌላ ጉዳይ ከመዋሉ በፊት ባለቤቶቹ እንደገና ይጠየቁ። የማያስፈልግ ጥያቄ ከቅጹ ይውጣ፤ ያልተሰበሰበ መረጃ ማንንም አይጎዳምና።

3ኛ. መረጃውን ወደ መጣበት መመለስ። ከትምህርት ቤት የሚወጣ ቁጥር ብዙ ነው፤ ተመልሶ የሚመጣው ግን ጥቂት ነው። ወረዳው ያጠናቀረውን ለየትምህርት ቤቱ ቢልክ፣ ትምህርት ቤቱም በወላጆች ስብሰባ ላይ ቢያነብበው፣ ስሕተቱ ይታረማል፤ ቅጽ መሙላትም ለመምህሩ ትርጉም ያለው ሥራ ይሆናል።

4ኛ. የመምህሩን ዕውቀት መመዝገብ። ቁጥር ብቻ በሚጠይቅ ቅጽ ላይ መምህሩ ምክንያቱን የሚጽፍበት ቦታ ይኑር። ተማሪውን በስሙ የሚያውቀው መምህሩ በመሆኑ፣ የእርሱ አስተያየት ከስሌት ውጪ መሆን የለበትም። አስተያየቱ ወደ አንድ ወገን ሊያደላ ስለሚችል ደግሞ በባልደረቦቹ ይመርመር።

5ኛ. የአቤቱታ በር መክፈት። ስለ ተማሪ የሚወስን ማንኛውም ሥርዓት ተማሪውና ወላጁ በቀላሉ የሚደርሱበት፣ ሰው የሚያዳምጥበትና ውሳኔውን ለመለወጥ ሥልጣን ያለው አካል ሊኖረው ይገባል። «ኮምፒዩተሩ ነው ያለው» የሚል መልስ ከኃላፊ አፍ ሊወጣ አይገባም።

6ኛ. ድምፃቸው የማይሰማውን መፈለግ። በወላጆች ስብሰባ ላይ የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ የተማሩትና በከተማ የሚኖሩት ናቸው። እናቶች፣ አርብቶ አደሮች፣ የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ወላጆችና የትምህርት ቤቱን የሥራ ቋንቋ የማይናገሩት ተለይተው ካልተጠየቁ፣ ተሳትፎ የተባለው ነገር የጥቂቶቹን ድምፅ የብዙኃን አስመስሎ ከማቅረብ አያልፍም።

በእነዚህ ነጥቦች ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ጊዜና ገንዘብ ይወስዳሉ የሚል ነው። እውነት ነው፤ ይወስዳሉ። አንድ መምህር ሰባ ተማሪ እያስተማረ፣ ሮስተር እየሞላና ስብሰባ እየተገኘ ሌላ ሸክም ቢጨመርበት ማጉረምረሙ አይፈረድበትም። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሱት ሁሉ አሁን ባሉት መድረኮች፣ ማለትም በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት፣ በክላስተር ስብሰባና በሱፐርቫይዘሩ ጉብኝት እንዲፈጸሙ ማድረግ ይገባል። የማያስፈልጉ ቅጾች ሲቀነሱ የሚተርፈው ጊዜም ለዚሁ ይውላል።

መደምደሚያ

የእንግሊዙ ቀመር የተሠራው በክፉ ሰዎች አልነበረም። የተሠራው በተማሩ፣ በታታሪና የውጤትን ክብር ለመጠበቅ ባሰቡ ባለሙያዎች ነው። የጎደላቸው የሒሳብ ዕውቀት ሳይሆን፣ ሒሳቡ የሚያርፍባቸው ሰዎች ምክር ነው። ምክሩን በኤፕሪል መስማት ይችሉ ነበር፤ በኦገስት አደባባይ ላይ ሰሙት።

የትምህርት መረጃ በኮምፒዩተር የሚቀመርበት ሥራ በኢትዮጵያም እየተስፋፋ መሄዱ አይቀርም፤ መስፋፋቱም በአግባቡ ከተያዘ ጥቅም አለው። የሚተነብይ ቀመር ከመምጣቱ በፊት ግን ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚሞላው ቅጽ አለ። በዚያ ቅጽ ላይ የሚሰፍረው እያንዳንዱ ቁጥር የአንድ ልጅ ስም አለው፤ ስሙን የሚያውቁት ሰዎችም ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ይኖራሉ። ዕቅድ አውጪው ቁጥሩን ከመደመሩ በፊት፣ መምህሩም ቅጹን ከመፈረሙ በፊት፣ እነዚህ ሰዎች ቁጥሩን ዐይተው «ልክ ነው» ወይም «ልክ አይደለም» ለማለት ዕድል ማግኘታቸውን ሊያረጋግጡ ይገባል።